«ያዝ»ን ሁሉም ውሻ ያውቃል

ባለፈው ነሐሴ አንድ ወዳጄ የጣርማ በርን ጉም ሰንጥቆ፣ የደብረ ሲናን ቁልቁለት ተጠማዝዞ ሸዋሮቢት ገባ። ከመኪናው ቀድሞ የወረደው ግን እሱ ሳይሆን ውሻው ነበር። ነጭ ላይ ቡኒ የተረጨበት፣ ጆሮው የተንጠለጠለ፣ ወፍ ሲያሸት አንድ እግሩን አንሥቶ ጅራቱን አቅንቶ ይቆማል ከሚባለው ከፈረንጁ ዘር ነው።

«ምን ይዘህልን መጣህ?» አልኩት።

«ተማሪ!»

«በነሐሴ? ትምህርት ቤቱ ዝግ ነው።»

«የማን ትምህርት ቤት?»

«የጅግራ።»

ሳቀ። ለተረብ ያህል የተናገርኩ መሰለው። ተረብስ ተረብ ነው፤ ግን የምሬን ነበር።

በማግስቱ ወፍ ሲንጫጫ ከሮቢ ወንዝ ማዶ ተሻገርን። ሣሩ ጉልበት አልፏል፣ ጤዛው ሱሪ ያርሳል፣ ማሽላው ገና ራሱን አላወጣም። ውሻውን ፈታው። ብዙም አልራቀ፤ አንድ እሾሃማ ቁጥቋጦ ሥር ደርሶ ቀጥ አለ፤ እንደተነገረለትም አንድ እግሩን አነሣ። ወዳጄ በደስታ ትንፋሹ ተቆረጠ። ጅግራዋ ግን አልተነሣችም። በሌላ ጊዜ ኮቴ ገና ከሩቅ ስትሰማ የምትፈተለከው ወፍ መሬቱ ላይ እንደ ድንጋይ ተጣብቃ ቀረች። ያኔ ገባኝ። «መልሰው!» ብዬ አፌን ሳልገጥም እሱ «ያዝ!» አለ።

እናትየው ከውሻው ጥርስ ለጥቂት አመለጠች። እንቁላል ግን ክንፍ የለውም። አሥራ አንድ ቆጠርኩ፤ ስድስቱ ተሰብረዋል። በተሰበሩት ውስጥ ላባ ማውጣት የጀመሩ ጫጩቶች ነበሩ።

«ውሻዬ ምን አጠፋ? ያልኩትን ነው ያደረገው» አለኝ ፊቱ ተለዋውጦ።

«ውሻህ ምንም አላጠፋም። ‹ያዝ›ን ሁሉም ውሻ ያውቃል። እኔ የምጠይቅህ ‹ተው›ን ያውቃል ወይ ነው።»

«አያውቅም። እሱን ላስተምረው አይደል የመጣሁት?»

«እንግዲያው ተማሪህን ይዘህ የገባኸው መማሪያ ክፍል አይደለም፤ ማዋለጃ ክፍል ነው።»

ከዚያ ቀን ወዲህ በዚህ ነገር የማልከራከረው ሰው የለም። ሻይ ቤት እከራከራለሁ፣ ማሳ ዳር እከራከራለሁ፣ እሑድ ሰንበቴ ገበያ ከበግ ነጋዴ ጋር ዋጋ ስከራከር ጀምሬ በጅግራ እጨርሳለሁ። የምለው አንድ ነገር ነው፤ በእኛ በይፋት ቆላ የወፍ ውሻ ሜዳ ላይ የሚማረው ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ የካቲት ነው። ከዚያ ውጭ ያለው ወር ወይ የወፏ ነው፣ ወይ የሙቀቱ ነው፣ ወይ የማሽላው ነው።

ወዳጄ መጀመሪያ የመዘዘብኝ እንግሊዝን ነበር።

«እንግሊዞች በነሐሴ 6 ነው የወፍ አደን የሚከፍቱት። አንተ ከእንግሊዝ ትበልጣለህ?»

«አልበልጥም። የእንግሊዟ ወፍ ግን ሚያዝያ ላይ ጥላ፣ ግንቦትና ሰኔ ላይ ፈልፍላ፣ ነሐሴ ሲደርስ ልጆቿን አስበርራለች። የኛዋ ነሐሴ ላይ ገና ታቅፋለች። ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች ይባል የለ? እንዳገሯም ትጥላለች።»

ቀኑን እሱ በትክክል ነው የጠራው። እንግሊዞች በፈረንጆች 1831 ባወጡት የአደን ሕግ ላይ ለሚታደኑ ወፎች አደኑ የሚዘጋበትንና የሚከፈትበትን ቀን ጽፈው አስቀምጠዋል። የቆላ ሰው የማያውቃት ግራውዝ የምትባለው የደጋ ወፍ በእነሱ ኦገስት 12፣ በእኛ ነሐሴ 6 ትከፈታለች። ፌዛንት የምትባለው ደግሞ በኦክቶበር 1፣ እኛ ግሸን ማርያምን በምናከብርበት በመስከረም 21። ውሻቸውን ክረምታችን ላይ ሜዳ የሚያወጡት ለዚህ ነው። እነሱ ዘንድ ያ ጊዜ ጫጩት ያደገበት ነው። ከእነሱ ቀኑን ቀድቶ ምክንያቱን ሳይቀዳ የመጣ ሰው ሰዓቱን በለንደን ሞልቶ ሸዋሮቢት ላይ ዙሁር የሚሰግድ ሰው ነው።

ፈረንጁ ምክንያቱን የሚይዘው እንዴት እንደሆነ ደግሞ ጀርመን ሂዱና እዩ። ኒደርዛክሰን በሚባለው ክፍለ ግዛት በእነሱ ከኤፕሪል 1 እስከ ጁላይ 15፣ በእኛ ከመጋቢት 23 እስከ ሐምሌ 8፣ ውሻ ያለ ማሰሪያ ሜዳና ጫካ አይገባም። ወፍ የምትታቀፍበትና አውሬ የሚወልድበት ጊዜ ነውና። እነሱ ውሻ የሚያስሩት ወፋቸው ስትታቀፍ ነው። እኛም ወፋችን ስትታቀፍ እንሰር፤ ያኔ ከፈረንጅ ተማርን ይባላል።

አንድ የሰፈር ጎረምሳ ደግሞ ሌላ ቀን ያዘኝ። ይሄ ልጅ አፉ ስለት ነው።

«ለአንድ ጎጆ እንቁላል ይህን ያህል እዬዬ?»

«ለአንድ ጎጆ አይደለም፤ ለአንድ ዓመት ነው።»

«እንዴት ነው አንድ ጎጆ አንድ ዓመት የሚሆነው?»

«ጣትህን አምጣና አብረን እንቁጠር።»

ቆጠርን። ጅግራ በበጋ በመንጋ ነው የምትኖረው፤ አብረው ይጭራሉ፣ አብረው ውኃ ይወርዳሉ፣ ማታ አብረው ዛፍ ላይ ይሰፍራሉ። ዝናብ ሲገባ መንጋው ይበተንና ጥንድ ጥንድ ይሆናል። ሴቷ ሣር ውስጥ ወይ ቁጥቋጦ ሥር መሬቱን ጫር አድርጋ ትጥላለች፤ ስድስትም ይሁን አሥራ ሁለት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። እንግዲህ ሐምሌ 10 ጀመረች እንበል። በቀን አንድ ብትጥል አሥራ ሁለተኛውን ሐምሌ 21 ትጥላለች። ከዚያ ትታቀፋለች፤ ከ26 እስከ 28 ቀን። ከነሐሴ 17 እስከ 19 ባለው ጊዜ ይፈለፈላሉ። ጫጩት የተፈለፈለ ዕለት ይሄዳል፤ መብረር ግን አይችልም። ውሻ ሲመጣበት ክንፉን አራግቦ ቁጥቋጦ ላይ ለመውጣት ሁለት ሦስት ሳምንት ያስፈልገዋል። ጳጉሜን አለፈች፣ እንቁጣጣሽ አለፈ፣ መስከረም 5 ደረስን። ይህ ሁሉ እንግዲህ ማንም ላልነካት ጅግራ ነው። ጎጆዋ የፈረሰባት ዝናቡ ካልከዳት እንደገና ትጀምራለች፤ የእሷ ጫጩቶች በጥቅምት ነው ክንፍ የሚያወጡት። ዝናቡ ከከዳት ግን የዓመቱ ልጅ በዚያው ቀረ።

ጎረምሳው ጣቶቹን እንደዘረጋ ዝም አለ። ከዚያ፦

«ጅግራ ግን ሞልቷል እኮ!»

«ሞልቷል። ከሰሐራ በታች አፍሪካን ሙሉ ሞልቷል። ግን ውሻህ ጅግራዋን ከቆቋ የሚለየው በምኑ ነው? በመታወቂያ?»

ይህን ያልኩት በከንቱ አይደለም። በዚሁ በሰሜን ሸዋ፣ ከእኛ በስተ ምዕራብ ተራራውን ተሻግረህ ጀማ ሸለቆ ስትወርድ፣ ሃርውድ በሚባል ሰው ስም የተጠራች ቆቅ አለች። ሳይንስ የመዘገባት በፈረንጆች 1899 ነው። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር አገር የላትም፤ እዚህም ቢሆን የምትገኘው በአባይና በገባሮቹ ሸለቆዎች አካባቢ ነው። እሷም መሬት ላይ ነው የምትጥለው። ሸዋሮቢት ላይ በነሐሴ መፈታት የለመደ ውሻ ጀማ ሲወርድ ልማዱን ደብረ ሲና ላይ አስቀምጦ አይሄድም።

አሁን ወደ ከባዱ ክርክር ልምጣ። ከባዱ የገበሬው ነው፤ እኔም ሳላከብረው የምመልሰው አይደለም። አንድ ጎረቤታችን አሉ፤ ማሽላ ሲዘሩና ሲያጭዱ ጠጉራቸው የሸበተ።

«አንተ ልጅ» አሉኝ፣ «ክረምት ሙሉ ውሻዬን ካሰርኩ ከርከሮውን ማን ያባርርልኛል? አንተ ትጮኽልኛለህ?»

«አባባ፣ ከርከሮው የሚመጣው ወዴት ነው?»

«ወደ ማሽላዬ ነዋ!»

«ጅግራዋስ ጎጆዋን የሠራችው?»

«እዚያ ወንዝ ዳር፣ ሣሩ ውስጥ።»

«እንግዲያው ውሻዎን ማሽላው ዳር ይሰሩት። ውሻው እንጂ ጩኸቱ ገመድ የለውም።»

አሰብ አደረጉና ራሳቸውን ነቀነቁ። ከርከሮም ዝንጀሮም ጩኸት ሲሰሙ ሰው መኖሩን ያውቃሉ። ማሳ ዳር በረጅም ገመድ የታሰረ ውሻ ጃርት የመጣ እንደሆነ ባለቤቱን ከጎጆው ይቀሰቅሳል፤ ወንዝ ዳር ወርዶ ግን ጫጩት አይለቅምም። ቀን ሲንከራተት የዋለ ውሻ ደግሞ ሌሊት ይተኛል፤ ይህን ለእሳቸው እኔ መንገር አላስፈለገኝም፣ ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ።

አጠገባቸው የተቀመጡ ሌላ አዛውንት ግን አለቀቁኝም።

«ጥር ላይ ማሽላው ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ ጎተራ ገብቷል። ባዶ ማሳ ላይ ውሻ ማስተማር ምን ይባላል? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል!»

«አባባ፣ ማሽላው ቆሞ ከርከሮው ገብቶ ሳለ ውሻ ማስተማርስ ምን ይባላል?»

«ምን ይባላል?»

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል።»

ሳቁና ትከሻዬን መታ አደረጉኝ። ባይረቱም ተቀበሉኝ፤ በእኛ ሰፈር ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ማሾ የሚዘራውም ወንድሜ መጣ። ማሾ በይፋት ገንዘብ ነው፤ ቀልድ የለበትም።

«ቆቅ ዘሬን ጭራ ጨረሰችው። ውሻ ልላክባት።»

«ማሾህ ለመብቀል ስንት ቀን ይፈልጋል?»

«ዝናብ ካገኘ ሳምንት አይሞላም።»

«እሷ ለመፈልፈል ሦስት ሳምንት ያህል ትቀመጣለች። ለአንዱ ሳምንት ማሳው ላይ ልጅ አቁምባት። ለሳምንት ጠብ ብለህ የሦስት ሳምንት ደም አትግባ።»

ግሪሳን የሚያነሣም አለ። ስለ ግሪሳ ውሻን መጠየቅ ጎርፍን በወንፊት ማለት ነው። አንዷ ግሪሳ ክብደቷ 20 ግራም ገደማ ነው፤ በቀን ግን 10 ግራም ያህል እህል ትበላለች። ሚሊዮን ሆና ስትመጣ በቀን 100 ኩንታል ማለት ነው። እሷን የሚመክታት ማማ ላይ ቆሞ ጅራፍ የሚያጮኽ፣ ወንጭፍ የሚወነጭፍ ሰው ነው። ማማ ላይ ከጎሕ እስከ ምሽት ስትጮኽ የምትውል አንዲት ልጅ ከአሥር ውሻ ትበልጣለች። ስለ ውሻው ግን አንድ ነገር አደራ፤ አውሮፕላን በግሪሳ ማደሪያ ላይ መድኃኒት በረጨበት ሰሞን ውሻችሁን እሰሩ። መድኃኒቱ መርዝ ነው፤ የወደቀውን ወፍ የበላ ውሻም ሆነ ጭልፊት ሊመረዝ ይችላል።

አንድ ቀን ደግሞ ሻይ ቤት ውስጥ ከወዲያኛው ጠረጴዛ አንድ ድምፅ መጣ።

«የነጃሳ ውሻ ወሬ ይዘህ እየዞርክ ለሰው ወር ትቆጥራለህ?»

እኔ መልስ ሳልፈልግ አጠገቤ የነበሩት ሼህ ቀደሙኝ። ስኒያቸውን አስቀምጠው ሰውየውን ሳይሆን እኔን ጠየቁኝ።

«ያ የወዳጅህ ውሻ ተምሯል?»

«አልተማረም።»

«እንግዲያው ጥያቄው እሱ ነው» አሉና ቀስ ብለው አስረዱን። ሱረቱል ማኢዳ 4ኛው አንቀጽ ላይ የተማረ አዳኝ እንስሳ የያዘው አደን የአላህ ስም ተወስቶበት እንደሚበላ ተነግሯል። መማሩ የሚታወቀው ደግሞ ለጌታው በመያዙ ነው፤ ለራሱ የበላበትማ ለራሱ አድኗል። በዚያው ሱራ፣ ጥቂት አንቀጾች ቀደም ብሎ፣ ሐጅ የሄደ ሰው ኢሕራም ላይ ሳለ አደን ተከልክሎበታል፤ ከኢሕራም ሲወጣ ተፈቅዶለታል።

«አያችሁ» አሉ ሼሁ፣ «ያው እጅ፣ ያው ውሻ፣ ያው ወፍ ነው። የተለወጠው ጊዜው ነው።»

ከወዲያኛው ጠረጴዛ ድምፅ አልተሰማም። ይፋት ከወላስማ ሱልጣኖች ዘመን ጀምሮ የዲን ሰው ያልጠፋበት አገር ነው፤ እንዲህ ያለ መልስ እዚሁ ሻይ ቤት ሲገኝ ልቤ ይሞላል። ሼሁ ስለ ንጽሕናው የተናገሩትንም ልጨምር፤ ውሻ ለአደን፣ ለእርሻና ለከብት ጥበቃ ይያዛል፤ ቦታው ግን ደጅ ነው፣ አፉን የነከረበትም ዕቃ በደንብ ይታጠባል። ይህ ለክርስቲያኑም ቢሆን የሚጠላ ምክር አይደለም።

ሕግ የተማረ ወጣት ደግሞ በሌላ በኩል መጣብኝ። እሱን ወድጄዋለሁ፤ ጥያቄው ንጹሕ ነበር።

«በአዋጅ ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን ክልክል ነው። አንተ ራስህ ይህን ትሰብካለህ። ደግሞ የወፍ ውሻ አስተምሩ ትላለህ። አንዱን ምረጥ።»

«ሁለቱንም መርጫለሁ።»

«እንዴት ሆኖ?»

«በዚህ ቆላ ያለ ፈቃድ በየቀኑ የሚያድነው ማን ነው? ያልተማረው ውሻ ነው። ውሻህ አዋጅ አያነብም። የምታነብለት አንተ ነህ፤ የምታነብለትም በሁለት ፊደል ነው።»

«በየትኛው?»

«ተ፣ ው።»

ልጁ ደብተሩን አወጣና ጻፈው። እኔም ለእሱ የነገርኩትን ለሁሉም እነግራለሁ፤ ፈቃድ ያለው በፈቃዱ ያድን፣ ፈቃድ የሌለው ማደን የለበትም፤ ውሻ ያለው ግን ሁሉ፣ አዳኝ ሆነ አልሆነ፣ ውሻው ወፍ ባየ ጊዜ እንዲቆም የማስተማር ዕዳ አለበት።

«እሺ ጥር፣ ጥር ትላለህ፤ ጥር ላይ ምን አለ?» የሚለኝ ሲመጣ ደስ ይለኛል። እዚህ ላይ ተረቡን ላቁምና ልናገር።

ጥር ላይ ሁሉም ነገር ይታያል። ማሽላው ታጭዷል፣ አገዳው ተከምሯል፣ ሣሩ ደርቆ ዝቅ ብሏል። ውሻው ከአንተ ሃምሳ እርምጃ ሲርቅ ጅራቱን ታያለህ፤ በነሐሴ ግን ሣሩ ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው የምታየው፤ የማታየውን ደግሞ ልታስተምረው አትችልም። ወፏም በጥር ለአቅመ ሩጫ የደረሰች ናት። የክረምቱ ጫጩት አድጎ ከመንጋው ተቀላቅሏል፤ የሚታቀፍ የለም፣ የሚጠበቅ እንቁላል የለም። ውሻህ ቢሳሳት የምትከፍለው አንድ የተደናገጠ መንጋ ነው፤ እሱም ተነሥቶ ዛፍ ላይ ያርፋል።

ጧቱ ደግሞ ቀዝቃዛ ነው። ሸዋሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላ ናት፤ በጥር ግን ከጧቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ጋቢ ያስደርባል። ውሻ በአፍንጫው እንዲሠራ ቅዝቃዜና ትንሽ እርጥበት ይፈልጋል። መሬቱ ጤዛ ሲኖረው ሽታ ይይዛል፤ ፀሐይ ሲያደርቀው ሽታው ይበተናል። ውሻ ደግሞ እንደ ሰው በገላው ሁሉ አያልበውም፤ የሚበርደው በማለክለክ ነው። አፉን ከፍቶ የሚያለከልክ ውሻ በአፍንጫው መሥራቱን ትቷል።

«ግንቦት ላይስ?» ብሎ ጎረምሳው ከጀርባ ጣልቃ ገባ።

«ግንቦት ላይ ውሻህ ምላሱን አውጥቶ ይመልስልሃል!»

እውነቴን ነው። ጤነኛ ውሻ ሙቀቱ ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ነው፤ 41 ካለፈ ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው። በይፋት ግንቦትና ሰኔ ላይ እኩለ ቀን ሜዳ ላይ የሮጠ ውሻ እዚያ ለመድረስ ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም። መጋቢትና ሚያዝያስ? የበልግ ዝናብ ይመጣል፤ ሣር ይበቅላል፤ ዝናብ ያየች ወፍ ደግሞ ልትጥል ትችላለች። ስለዚህ የካቲት ሲያልቅ ገመዱን ሰብስብ።

አሠራሩም ቢሆን ከባድ አይደለም፤ የሚከብደው ትዕግሥቱ ነው። አሥር ሜትር ያህል ቀላል ገመድ አንገቱ ላይ እሰር፤ ጫፉን መሬት ይጎትት። የመጀመሪያውን ሳምንት ወፍ ወዳለበት አትሂድ። ሜዳ ላይ ወድቆ ያገኘኸውን የጅግራ ላባ በዱላ ጫፍ አስረህ አሳየው፤ ሊዘልበት ሲል ገመዱን ረግጠህ «ተው» በል። አንዴ በል፤ አሥሬ የተባለ «ተው» ልመና ነው። ሲቆም አመስግነው። ሩብ ሰዓት ሲሞላ ጨርስ፤ ገና ሳይሰለቸው፣ ገና ሲፈልግ። ከዚያ በሁለተኛው ሳምንት ወደ ወፉ ውረድ፤ ከቆቅ ጀምር። ጅግራ ሯጭ ናት፤ ውሻው ሲቆም እሷ ትሄዳለች፣ እሱም መቆም ዋጋ የለውም ብሎ ይማራል። ቆቅ ግን ብዙ ጊዜ ቁጥቋጦ ውስጥ ትደበቃለች፤ እሱ ሲቆም እሷም ትቆማለች፣ አንተም ለመድረስ ጊዜ ታገኛለህ። ድንገት ከእግሩ ሥር ብርር ስትል ደሙ ይፈላል። ያቺ ቅጽበት ናት ትምህርቱ ሁሉ። በዚያች ቅጽበት ገመዱ ከእግርህ ሥር ከሌለ ያስተማርከው «ያዝ»ን ነው።

ከጧቱ ሁለት ሰዓት ተኩል በኋላ ወደ ሮቢ ውረድና ውኃ አጠጣው። ቀኑ አልቋል።

«ቡችላስ በስንት ወሩ?» የምትለኝ እኅቴ ናት፤ ቤት ውስጥ ውሻ የሚያሳድጉት እሷና ልጆቿ ናቸውና ጥያቄው የእሷ ነው።

«ስድስት ወር ሲሞላው።»

«ጥር ላይ ስድስት ወር የሚሞላው መቼ የተወለደው ነው?»

«ሐምሌ ላይ የተወለደው።»

«እናቱስ መቼ ልታረግዝ ነው?»

«ውሻ የምታረግዘው 63 ቀን ያህል ነው፤ ግንቦት መጀመሪያ ላይ።»

«ታዲያ አንተ የምትቆጥረው ከግንቦት ጀምሮ ነዋ! ጥር፣ ጥር ስትል ከርመህ!»

ይህ ነው ተረብ። ልክ ናት። ጥር የሚጀምረው በግንቦት ነው። ሐምሌ የተወለደ ቡችላ ክረምቱን ከእናቱ ጋር ግቢ ውስጥ ያሳልፋል፤ መስከረም ላይ ስሙን ያውቃል፣ «ና» ሲሉት ይመጣል፣ «ቁጭ» ሲሉት ይቀመጣል። ጥቅምት ላይ ሦስት ወር ሲሞላው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን ይወስዳል። ኅዳር ላይ ልጆቹ እሸት ጠብሰው ሲበሉ አጠገባቸው ተቀምጦ አለመንጠቅን ይማራል፤ «ተው»ን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማው እዚያ ነው። የግቢው ትምህርት ዓመቱን ሙሉ ክፍት ነው፤ ወር አያውቅም። ወር ያለው የሜዳው ነው። ወዳጄ ያጠፋው የሁለተኛውን በር የመጀመሪያው መስሎት መግባቱ ነው።

እሱም ተመልሶ መጣ። ከጥምቀት በኋላ፣ የበዓሉ ሰው ሳይበተን፣ ያንኑ ውሻ ይዞ። አምስት ወር ሙሉ አዲስ አበባ ግቢው ውስጥ በዶሮ ፊት «ተው» ሲለው ከርሟል። እኔ አላልኩትም፤ ራሱ ነው ያሰበው።

በጧት ያንኑ ማዶ ተሻገርን። ሣሩ የት እንደነበረ እንኳ አይታወቅም። ውሻው አገዳ ክምር ዳር አሸተተ፣ ዞረ፣ ቀጥ አለ። እግሩ ተነሣ። ወዳጄ ገመዱን ረገጠ። ቆቋ ከክምሩ ሥር እንደተተኮሰ ድንጋይ ብር ስትል ሁለታችንንም አስደነገጠችን።

«ተው» አለ፤ አንዴ፣ ቀስ ብሎ።

ውሻው ከራሱ እስከ ጅራቱ ተንቀጠቀጠ። ከቦታው ግን አልተነቃነቀም። ቆቋ ወንዙን ተሻግራ እስክትጠፋ ሦስታችንም አየናት።

ወዳጄ ውሻውን ደረቱ ላይ ሲያሻሸው ቆየና ቀና አለ።

«ነሐሴ ላይስ ልምጣ?»

«ና። ብቻህን ግን።»

«ብቻዬን ምን ልሠራ?»

«ጫጩት ልትቆጥር።»